ከግምጃ ቤት ወደ ባንክ ቤት፦ የኢትዮጵያ የባንክ ሕንፃዎች ታሪክ ከ1897 ዓ.ም. ወዲህ

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በኢትዮጵያ ገበያዎች የሚዘዋወረው ገንዘብ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንደኛው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በአህያ ወደ ደጋው የሚወጣው አሞሌ ጨው ሲሆን፣ ሁለተኛው በኦስትሪያ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ ምስል የተቀረጸውና ሕዝቡ ጠገራ ብር እያለ የሚጠራው የብር መገበያያ ነበር። አሞሌው ዝናብ ሲመታው የሚሟሟና ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው የሚጨምር ሲሆን፣ ጠገራው ግን በሁሉም ስፍራ የታመነ ነበር፤ ይህ እምነት ግን ጭፍን አልነበረም፤ ነጋዴው ብሩን ከመቀበሉ በፊት በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በጣቱ እየዳሰሰ ይመረምር፣ የደበዘዘውንና የተፋቀውንም ይመልስ ነበር። የአንዱ ጠገራ ክብደት 28 ግራም ያህል ስለሆነ፣ አንድ ሺህ ብር ያለው ሰው የያዘው 28 ኪሎ ብረት ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሀብት የሚያኖርበት ስፍራ ደግሞ ወይ የራሱ ቤት ጓዳ፣ ወይ በመሬት የተቀበረ ጋን፣ ለመኳንንትና ለነገሥታት ከሆነም ግምጃ ቤት፣ ማለትም የጌታው ንብረትና ገንዘብ በበጅሮንድ ኃላፊነት የሚጠበቅበት የቤተ መንግሥት ክፍል ነበር። ገንዘብ ለማስቀመጥ፣ ለማስተላለፍና ለማበደር ብቻ ተብሎ በከተማ መሐል የሚሠራ ሕንፃ፣ ማለትም ባንክ ቤት፣ በአገሩ አልነበረም።

በዚያው ዘመን፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 እ.ኤ.አ. በነገሠችባት እንግሊዝ፣ ባንክ ቤት ከከተሞች ዋና ዋና ሕንፃዎች አንዱ ሆኖ ነበር። የዚህ ምክንያት ከጌጥ ፍቅር ይልቅ ከገንዘብ ጠባይ የሚመነጭ ነው፤ ባንኮች ብዙ ባለአክሲዮኖች ያሏቸው ማኅበራት እየሆኑ ሲሄዱ፣ አስቀማጩ ገንዘቡን የሚሰጠው ለሚያውቀው ሰው መሆኑ ቀርቶ ለማያውቀው ተቋም ሆነ፤ በ1866 እ.ኤ.አ. ኦቨረንድ ጋርኒ የተባለው ታላቅ የለንደን የገንዘብ ድርጅት፣ በ1878 እ.ኤ.አ. ደግሞ የግላስጎው ከተማ ባንክ መውደቃቸው ሕዝቡ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ ባንኮቹ ጽኑዕነታቸውን በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ በረጃጅም ዓምዶችና በከባድ በሮች ለማሳየት ይጥሩ ነበር። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ጆን ጊብሰን የተባለው አርክቴክት ለናሽናል ፕሮቪንሻል ባንክ በለንደን ቢሾፕስጌት ጎዳና የነደፈውና በ1865 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሕንፃ ነው፤ ፊቱ በቆሮንቶስ ሥርዓት በተሠሩ፣ ማለትም ራሳቸው በቅጠል ቅርጽ በተጌጠ ዓምዶች የተሞላ ሲሆን፣ ከመስኮቶቹ በላይ ግብርናን፣ ንግድን፣ የመርከብ ሥራንና የማዕድን ቁፋሮን የሚያሳዩ ቅርጾች ተቀርጸውበታል፤ ወደ አዳራሹ የሚገባ ደንበኛ ገንዘቡ ከምን ሥራ እንደሚመጣና ወደ ምን ሥራ እንደሚሄድ በድንጋይ ላይ ተጽፎ ያይ ነበር ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ባንክ ቤት እንዲኖራት በመጀመሪያ የማይንቀሳቀስ ዋና ከተማ ያስፈልጋት ነበር። ከጎንደር ዘመን በኋላ የነገሥታቱ መቀመጫ በአመዛኙ ከሠራዊቱ ጋር የሚጓዝ ከተማ፣ ማለትም በድንኳን የተሠራና በአካባቢው ያለው እንጨትና ስንቅ ሲያልቅ የሚነሣ ሰፈር ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረችው አዲስ አበባም ቢሆን በማገዶ እጥረት ምክንያት ልትለቀቅ ደርሳ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ ዓለም ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ካጸኗት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣውና በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ሌላው በ1900 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ አዋጅ ነው፤ በዚህ አዋጅ መሠረት ነዋሪው ቤት የሠራበትን ቦታ በርስትነት ሊይዝ፣ ሊሸጥና ሊያወርስ ስለተፈቀደለት፣ ለጊዜው ከሚሠራ የጭቃና የሣር ቤት ይልቅ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ የድንጋይ ቤት መሥራት ትርጉም ያለው ነገር ሆነ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ ሹመቱም የመንግሥት ሥራ ከግቢ አደባባይና ከችሎት ወጥቶ ቀስ በቀስ ወደ ጽሕፈት ቤት ለመግባቱ መነሻ ሆነ።

ባንኩ ግን ከዚህ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ መጥቶ ነበር። ምኒልክ ቀደም ሲል በ1886 ዓ.ም. የራሳቸው ምስልና የአንበሳ ምልክት ያለበት ብር በፓሪስ እንዲቀረጽ አድርገው የነበረ ቢሆንም፣ ሕዝቡ ከለመደው ጠገራ ስላልተላቀቀ አዲሱ ብር እንደታሰበው አልተስፋፋም። መጋቢት 1 ቀን 1897 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ወኪል ከማክጊሊቭሬይ ጋር ውል ተፈራረሙ፤ የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ራሱ በ1898 እ.ኤ.አ. የተቋቋመና ከእንግሊዝ የገንዘብ ሰዎች ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ድርጅት ነበር። በውሉ መሠረት የሚቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ለ50 ዓመት የሚቆይ ኮንሴሲዮን፣ ማለትም መንግሥት ለአንድ ድርጅት ለተወሰነ ዘመን የሚሰጠው ብቸኛ የሥራ መብት ተሰጠው፤ ካፒታሉ 500,000 የእንግሊዝ ፓውንድ እንዲሆን ተወስኖ አንድ አምስተኛው ብቻ ተከፈለ፤ የመንግሥት ገንዘብ በዚሁ ባንክ እንዲቀመጥ፣ በሃምሳው ዓመት ውስጥም ሌላ ባንክ እንዳይፈቀድ ስምምነት ተደረገ። ለዚህ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው አንቀጽ ግን መንግሥት ለባንኩ ጽሕፈት ቤቶችና መጋዘኖች መሥሪያ የሚሆን ቦታ ያለ ዋጋ እንዲሰጥ ያስገደደው ነው፤ ባንክና ሕንፃ በአንድ ውል ውስጥ ተወለዱ ማለት ይቻላል።

ባንኩ በየካቲት 1898 ዓ.ም. ምኒልክ በተገኙበት ሲከፈት የራሱ ቤት ስላልነበረው ለጊዜው የተጠለለው በራስ መኮንን ቤት ነበር። የሐረርጌ ገዥ የነበሩት ራስ መኮንን ከአውሮፓውያን ጋር በሚደረግ ንግግርና በውጭ ጉዳይ የምኒልክ ዋነኛ ረዳት ስለነበሩ፣ አዲሱ ተቋም በእርሳቸው ጣሪያ ሥር መጀመሩ ከዘመኑ ሁኔታ ጋር የሚስማማ ነው፤ ይሁን እንጂ ራስ ከዚህ ሥነ ሥርዓት በኋላ ብዙ ሳይቆዩ በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ዐረፉ። የመኳንንት ቤት ለባንክ ሥራ የሚመች አልነበረም፤ በዘመኑ የነበረ የትልቅ ሰው ግቢ አዳራሹ ለግብር፣ እልፍኙ ለባለቤቱ፣ ዕቃ ቤቱና ግምጃ ቤቱ ለንብረት ተለይቶ፣ ሁሉም በአጥር ውስጥ ለየብቻ የቆሙ ቤቶች ነበሩ፤ ባንክ ግን የማይታወቅ ሰው ከመንገድ በቀጥታ ገብቶ ጉዳዩን ፈጽሞ የሚወጣበት፣ ብር ቆጣሪው፣ ጸሐፊውና ሥራ አስኪያጁ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት፣ የገንዘብ ሣጥኑ ያለበት ክፍል ደግሞ ከሁሉ የተለየና የተጠበቀ የሆነበት ቤት ይሻል። እዚህ ላይ የብሩን ክብደት ማስታወስ ይገባል፤ አንድ ነጋዴ 5,000 ብር ገቢ ሲያደርግ 140 ኪሎ የሚመዝን ብረት በበቅሎ ጭኖ ስለሚመጣ፣ ብሩ አንድ በአንድ ተቆጥሮ፣ ተመርምሮና በከረጢት ታስሮ እስኪቀመጥ ድረስ ሰፊ ጠረጴዛና ጠንካራ ወለል ያስፈልግ ነበር።

በ1902 ዓ.ም. ባንኩ በአራዳ ወደተሠራለት የራሱ ሕንፃ ገባ። አራዳ ማለት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው የዋናው ገበያ ሰፈር ሲሆን፣ በኋላ ጣሊያኖች ፒያሳ ያሉት ነው፤ በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ሰፈሩ ከገበያ ሜዳነት ወደ ከተማ መሐልነት በፍጥነት እየተለወጠ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት የመጀመሪያው ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በአድዋ ተማርኮ በኋላ በምኒልክ አገልግሎት የቆየው ጣሊያናዊው መሐንዲስ ሰባስቲያኖ ካስታኛ ስምንት ማዕዘን ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል ሠራ፤ አርመናዊው ሚናስ ኸርቤኪያንም የበርካታ ሕንፃዎች ነዳፊና ሠሪ ሆነ። የሥራው እጅ የብዙ አገር ሰው እጅ ነበር፤ ድንጋይ ጠራቢውና አናጢው አንዳንዱ ሕንዳዊ፣ አንዳንዱ አርመናዊ፣ ግሪክ ወይም ጣሊያናዊ ሲሆን፣ ድንጋዩን የሚያወጣውና የሚሸከመው የአገሩ ሰው ነበር። ከዚህ ቅልቅል የተገኘው የሕንፃ አሠራር ዛሬ የዘመኑ መለያ ተደርጎ ይታያል፦ መሠረቱና የታችኛው ፎቅ ከአካባቢው በተጠረበ ድንጋይ ይሠራል፤ ድንጋዩም በኖራ ወይም በጭቃ ይያያዛል፤ የላይኛው ፎቅ በእንጨት በረንዳ ይከበባል፤ በረንዳው ዝናብና ፀሐይን ከመከላከሉም በላይ ከክፍል ወደ ክፍል መተላለፊያ ሆኖ ያገለግላል፤ መጋጠሚያዎቹና የጣሪያው ጠርዝ በተፈለፈለ እንጨት ያጌጣሉ፤ ከሁሉም በላይ የሣር ክዳንን የተካው የቆርቆሮ ጣሪያ ቁልቁለቱ ከፍ ብሎ ይጋደማል። የግድግዳው ድንጋይና የጣሪያው እንጨት ከአገር ውስጥ ሲገኝ፣ ቆርቆሮው፣ መስታወቱ፣ ብረቱና ቁልፉ ግን ከባሕር ማዶ መምጣት ነበረበት፤ የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ እዚያው ለዓመታት ስለቆመና አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በመካከል ባሉት ዓመታት የመጣ ከባድ ዕቃ ሁሉ ከድሬዳዋ ወዲህ ያለውን ከ400 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በእንስሳ ጀርባና በጋሪ መጓዝ ነበረበት።

ሕንፃው ቢቆምም እምነቱ ቶሎ አልመጣም። ሕዝቡ ብሩን ለማያውቀው ፈረንጅ ሰጥቶ በምትኩ ወረቀት መቀበል አልዋጥልህ አለው፤ ባንኩም ለአዳዲስ ቅርንጫፎች ማቋቋሚያና ለሠራተኞቹ ጉዞ ብዙ ስለሚያወጣ እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ድረስ ምንም ትርፍ አላገኘም። በቤተ መንግሥቱም ዘንድ ጥርጣሬ ነበር፤ በ1901 ዓ.ም. ገደማ ለእርሻና ለንግድ ማስፋፊያ የሚያበድር ሌላ ድርጅት በንጉሡና በእቴጌይቱ ድጋፍ መቋቋሙ፣ የውጭ ሰዎች የያዙት ባንክ የአገሩን የብድር ፍላጎት እንዳላሟላ ያሳያል። በ1907 ዓ.ም. ባንኩ ከ5 እስከ 500 ብር ዋጋ ያላቸው፣ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፉ የወረቀት ገንዘቦች ቢያወጣም፣ የወረቀቱ ተቀባይነት በዋናነት በውጭ ነጋዴዎችና በአዲስ አበባ ዙሪያ ተወስኖ ቀረ። ባንክ የሚባለውን ነገር ሕዝቡ የተማረው ከወረቀቱ ይልቅ ከቤቱ ነበር፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ያስቀመጠውን ብር በፈለገ ጊዜ ያንኑ ጠገራ ቆጥሮ መልሶ ሲረከብ ነው የተባለው ነገር እውነት መሆኑን ያመነው።

ባንኩ ከዋናው ከተማ ውጭ የተስፋፋው የንግድን መንገድ ተከትሎ ነው። የሐረሩ ቅርንጫፍ ከአዲስ አበባው ጋር በ1906 እ.ኤ.አ.፣ የድሬዳዋው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በምዕራብ በኩል ለቡናና ለሱዳን ንግድ የሚያገለግለው የጎሬው በ1912 እ.ኤ.አ. ተከፈቱ፤ በ1920 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም በ1912 ዓ.ም.፣ ደግሞ ባንኩ ወደ ወሎ ገብቶ በደሴ ቅርንጫፍ አቋቋመ። ደሴ በዚያን ጊዜ ከባድ ዘመን አሳልፋ ነበር፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ የተባሉት የወሎው ገዥ ሚካኤል በከተማይቱ አይጠየፍ የተባለውን ታላቅ የግብር አዳራሽ አሠርተው ነበር፤ ነገር ግን ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ድል ሆነው ተማረኩ። የፖለቲካ ኃይሏ ቢቀንስም የንግድ አቀማመጧ አልተለወጠም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ትግራይና ወደ ኤርትራ የሚወጣው መንገድ፣ ጣሊያኖች ከአሥመራ ወደ አዲስ አበባ የዘረጉት የስልክና የቴሌግራፍ መስመር፣ ከአፋር የሚመጣው ጨውና ከደጋው የሚወርደው እህልና ቆዳ በወሎ በኩል ያልፉ ነበር። ከወልድያ፣ ከመርሳ፣ ከሐራና ከሐብሩ ቆላ ገበያዎች ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ ነጋዴ ከዚያ በኋላ ብሩን በስልቻ ይዞ በሽፍታ መንገድ ከመጓዝ ይልቅ ደሴ ላይ አስቀምጦ በአዲስ አበባ ሊከፈለው የሚችልበት ዕድል ተከፈተለት፤ ይህ ሐዋላ የሚባለው አገልግሎት ሲሆን፣ ገንዘቡ ሳይንቀሳቀስ የክፍያው ትእዛዝ ብቻ የሚተላለፍበት መንገድ ማለት ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ከደፉ በኋላ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው አንዱ ባንኩን ከውጭ ሰዎች እጅ ማውጣት ነበር። መንግሥት የሃምሳውን ዓመት ውል ለማስቀረት ለግብፁ ባንክ 40,000 ፓውንድ ካሣ ከፍሎ፣ ነሐሴ 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የኢትዮጵያ ባንክ ተቋቋመ፤ ካፒታሉ 750,000 ፓውንድ ሲሆን ከአክሲዮኑ 60 በመቶው የመንግሥት ሆነ። ሽግግሩ ከሕንፃ ታሪክ አንፃር ሲታይ የሚያስገርም ጸጥታ ነበረው፤ ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአቢሲኒያ ባንክ ገዥ የነበረው ኮሊየር በቦታው ቀጠለ፤ ጽሕፈት ቤቶቹና ሠራተኞቹም ሳይነኩ ወደ አዲሱ ባንክ ተላለፉ። ቤቱ ያው፣ በሩ ያው፣ ቆጣሪው ያው ሆኖ ባለቤቱ ብቻ ተለወጠ፤ ደንበኛው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገባው የአገሩ ወደሆነ ባንክ ነበር።

ይህ ነፃነት አምስት ዓመት እንኳ አልቆየም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወርር፣ ጦሩን ለመምራት ንጉሠ ነገሥቱ የሰፈሩባት ደሴ በኅዳር 26 ቀን በአውሮፕላን ተደበደበች፤ በሚያዝያ መጨረሻ ጠላት አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ባሉት ቀናት ከተማዋ በዘረፋና በእሳት ተጎዳች፤ ከዚያ በኋላ ወራሪው የኢትዮጵያን ባንክ አፍርሶ የጣሊያን ባንክን፣ ባንኮ ዲ ሮማን፣ ባንኮ ዲ ናፖሊንና ብሔራዊ የሥራ ባንክን በዋና ዋና ከተሞች አስገባ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባው ባርክሌስ ባንክ ለሁለት ዓመት ያህል ሥራውን ያዘ፤ በሚያዝያ 1935 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ። በሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ የወረቀት ገንዘብ ወጣ፤ ጠገራውም ቀስ በቀስ ከገበያ እየተሰበሰበ ሲሄድ፣ የባንክ ቤት አሠራር መሠረታዊ ምክንያት የነበረው ከባድ ብረት ስፍራውን ለቀላል ወረቀት ለቀቀ። ከዚህ በኋላ ባንክ ቤት ወፍራም ግድግዳ የሚያስፈልገው ብሩን ለመሸከም ሳይሆን ሰነዱን ለመጠበቅ ሆነ፤ ብርሃን፣ አየርና የደንበኛው ምቾት ከጥንካሬው እኩል ይታሰብባቸው ጀመር።

ይህ ለውጥ በሕንፃ የተገለጠው ሃያ ዓመት ቆይቶ ነው። በ1956 ዓ.ም. የመንግሥት ባንክ ለሁለት ተከፍሎ፣ ገንዘብ የሚያወጣውና ሌሎች ባንኮችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ለብቻው፣ ከሕዝብ ጋር የሚሠራው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ለብቻው ሆኑ፤ የብሔራዊ ባንኩ የመጀመሪያ ገዥ መናሴ ለማ ነበሩ። ለእነዚህ ተቋማት የተመረጠው ስፍራ አራዳ ሳይሆን ከለገሃር ተነሥቶ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የሚወጣው ሰፊው የቸርችል ጎዳና አካባቢ ነበር። ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜ፣ ቀደም ሲል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ቲያትር የሠራው ሰው፣ ከቲያትሩ ፊት ለፊት ለንግድ ባንክ ክብ ሕንፃ ነደፈ። እንግሊዛዊው ጊብሰን ዓምዶቹን ወደ መንገዱ ፊት አውጥቶ ሲደረድር፣ ሾሜ ግን ደንበኛውን በአንድ ሰፊ ክብ አዳራሽ ውስጥ አቁሞ የአገልግሎት መስኮቶቹን በዙሪያው አደረገ፤ የሕንፃው ክብርም ከቅርጹ ውህደትና ከአርማታው፣ ማለትም ብረት ከተሸመነበት ኮንክሪት፣ የሚመነጭ እንጂ ከተጠረበ ጌጥ የሚመጣ አልነበረም። ክብ ቤት ለአገሩ ባዕድ ባለመሆኑ፣ ብዙ ቤተ ክርስቲያንና ብዙ መኖሪያ ቤት በዚሁ ቅርጽ በተሠራበት ምድር ዘመናዊው ሕንፃ ባይተዋር አልመሰለም።

በእነዚሁ ዓመታት የአራዳ አሮጌ ሕንፃዎች ጥበቃ ለማግኘት ያልታደሉ ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ጥንታዊ ብሎ የቆጠረው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነገር ስለነበረ፣ የምኒልክ ዘመን ባንክ፣ ሆቴልና የንግድ ቤት በሕግ ፊት ከትናንት ወዲያ እንደተሠራ ተራ ቤት ነበር። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ድክመት አልነበረም፤ እንግሊዝም በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ልዩ ሕንፃዎችን በመዝገብ ማስፈርና በደረጃ መክፈል ስትጀምር ለመካከለኛው ዘመን ያሳየችውን ክብር ለቪክቶሪያ ዘመን ሕንፃዎች ነፍጋ ነበር፤ ለእነርሱ የሚከራከር ማኅበር የተቋቋመው በ1958 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1837 እ.ኤ.አ. የተሠራው የዩስተን ባቡር ጣቢያ ታላቅ በር ክርክር እየተካሄደበት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ፈረሰ። የጊብሰን ባንክ ራሱ በዚያ ዘመን ለመፍረስ ተቃርቦ ተርፎ፣ ዛሬ በአንደኛ ደረጃ የተመዘገበ ቅርስ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ይህን የዘመን ገደብ ያነሣው ቆይቶ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በዕድሜው ብቻ ሳይሆን በታሪካዊ፣ በባህላዊና በኪነ ጥበባዊ ዋጋው እንዲመዘን አደረገ።

በመካከሉ ግን አብዮቱ መጥቶ ነበር። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ። በአራዳ ያሉ ብዙ ባለ በረንዳ ቤቶች ከባለቤቶቻቸው ወጥተው በቀበሌና በኪራይ ቤቶች እጅ ገቡ፤ የኪራዩ ተመን ዝቅተኛ ስለነበረ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም፤ ቆርቆሮው ሲበሳ፣ ውኃ ወደ እንጨቱ ሲገባ፣ ጭቃው ሲሸረሸር የሚያድስ ባለቤት ጠፋ። በ1972 ዓ.ም. ንግድ ባንክ አዲስ ባንክን ጠቅልሎ የአገሪቱ ብቸኛ ንግድ ባንክ ሲሆን፣ የባንክ ቤት መልክም በየከተማው ተመሳሳይና ተራ እየሆነ ሄደ።

የግል ባንኮች በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ሲፈቀዱ፣ ባንክ ቤት እንደገና መፎካከሪያ ሆነ። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. መንገዱን ከፈተ፤ በየካቲት 1988 ዓ.ም. የመጀመሪያው ባንክ ከተመረቀ ልክ በዘጠናኛው ዓመት አቢሲኒያ ባንክ የቀድሞውን ስም ይዞ ተቋቋመ፤ ይሁን እንጂ አዲሱ ከአሮጌው የወረሰው ስሙን እንጂ ንብረቱን አይደለም። ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት ንብ፣ ኅብረትና ዘመን ባንኮች በሰንጋ ተራ ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸውን በረጃጅም የመስታወት ሕንፃዎች ሠሩ፤ ንግድ ባንክም ከሾሜ ክብ አዳራሽ አጠገብ ሄን የተባለ የጀርመን ድርጅት የነደፈውን፣ የቻይና ተቋራጭ የገነባውንና 209 ሜትር ከፍታ ያለውን ሕንፃ በየካቲት 2014 ዓ.ም. አስመረቀ። የመጀመሪያው ባንክ ከተከፈተ ጀምሮ እስከዚያ ቀን 116 ዓመት መሆኑ ነው።

ያው ዓመት የባንክ ቤት ጽኑዕነት በግድግዳ ብቻ እንደማይለካም አሳይቷል፤ የሰሜኑ ጦርነት ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወልድያን፣ መርሳን፣ ሐራንና ደሴን በያዘበት ጊዜ ቅርንጫፎች ተዘግተው፣ ሰው ያስቀመጠውን ገንዘብ ማውጣት ሳይችል ወራት አለፉ፤ ሰላም ሲመለስ ከገበያው ጋር አብረው መከፈት ካለባቸው ቤቶች መካከል ባንኩ ይገኝበት ነበር። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል በእሳት መጎዳቱ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት የፒያሳ ሰፊ ክፍል መፍረሱ፣ የምኒልክ ዘመን የከተማ ሕንፃዎች በሕግ ቢታወቁም በተግባር ምን ያህል ለአደጋ እንደተጋለጡ አስታውሰዋል፤ የእንጨት በረንዳና የእንጨት ወለል ያለው ሕንፃ እሳትን፣ በጭቃ የተያያዘ ግድግዳም ውኃን መቋቋም ስለማይችል፣ ስሙ በመዝገብ መስፈሩ ብቻ አያድነውም።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ባንኮች በኢትዮጵያ እንዲሠሩ የሚፈቅደውን አዋጅ አጽድቋል። በ1897 ዓ.ም. የውጭ ባንክ ሲገባ የአገሩ መንግሥት የሰጠው ቦታ፣ በ1923 ዓ.ም. ባንኩን ሲረከብ ያገኘው የተሠራ ቤት ሆኖ ተመልሶለታል፤ ከሃምሳ ዓመቱ ውል ሃያ ስድስቱ ብቻ ሲያልፉ ካሣው 40,000 ፓውንድ ብቻ መሆኑም በውሉ ካልተገኘው ትርፍ ይልቅ በአገሩ የቀረው ሥራና ሕንፃ የሚበልጥ ዋጋ እንዳለው ያሳያል። የዛሬዎቹ የውጭ ባንኮች የሚገቡት ከዚያ የተለየ ኢኮኖሚ ውስጥ ነው፤ ገንዘቡ ወረቀትነቱን እንኳ እየለቀቀ በስልክ የሚተላለፍ ሆኗል፤ የደንበኛውን እምነት ለማግኘት ግን አሁንም በመሐል ከተማ ጎልቶ የሚታይ ቤት መሥራት ግድ እንደሆነ የሰንጋ ተራ ግንቦች ይመሰክራሉ። አዲሱ ሲሠራ የአራዳው አሮጌ ሕንፃ ባለቤት፣ የጥገና በጀትና አገልግሎት ተለይቶ ካልተመደበለት፣ የአገሪቱ የባንክ ታሪክ በመጻሕፍት ብቻ የሚገኝ ይሆናል፤ የ1992ቱ አዋጅ ለዚህ የሚሆን ሥልጣን ከሰጠ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ የቀረው ሥልጣኑን በሥራ ላይ ማዋል ነው።